በረመዳን ለቆኝ ከዒድ በኋላ የተመለሰው ሳል

ስሜን አልጽፍም። ሐይቅ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ የእናቴን ቤት ለማግኘት ከሚኒባስ ወርዶ አንድ ሰው መጠየቅ ይበቃል። ሆኖም እንደኔ ተደብቃ የምታጨስ፣ ስትታመምም የምትደብቅ ሴት ካለች ይህን ብታነብ ይጠቅማት ይሆናል። ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው በራሴ ሳንባ የደረሰውን ብቻ ነው።

ማጨስ የጀመርሁት ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። ሰው ፊት ቆሜ መናገር ያስጨንቀኛል። የቡድን ሥራችንን የምናቀርብበት ቀን ሲደርስ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ሜሮን፣ «አንዴ ሳቢ፣ ልብሽ ይረጋል» አለችኝ። እውነትም ረጋልኝ። ከዚያ በኋላ ለሚያስጨንቀኝ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ እሱ ሆነ፤ የሚያስጨንቀኝ ነገር ደግሞ ብዙ ነው።

ተመርቄ ውጫሌ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት፣ የመሬት ይዞታ መረጃ ወደ ኮምፒውተር የሚገባበት ክፍል ውስጥ ተቀጠርሁ። ጠዋት ከሐይቅ በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። ሥራው ከየቀበሌው የመጡ የማሳ ካርታዎችን አንድ በአንድ ማስገባት ነው፤ ማሳው የማን ነው፣ በምሥራቅ ከማን ይዋሰናል፣ በምዕራብ ከማን። በጦርነቱ ጊዜ የተበታተነው መዝገብ እንደገና እየተደራጀ ስለነበር ወረቀቱ አያልቅም። አንድ ድንበር ብሳሳት ሁለት ቤተሰብ ይጣላል ብዬ ስለምፈራ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ አየዋለሁ።

ያኔ በቀን ሦስት ሲጋራ አጨስ ነበር። ከዚያ ማለፍ አልችልም። ሴት ልጅ ውጫሌ ላይ ስታጨስ ከታየች ወሬው ከሚኒባሱ ቀድሞ ሐይቅ ይደርሳል። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ባሕር ዛፎቹ ውስጥ እገባለሁ፤ ስጨርስ ጣቶቼን በጤና አዳም አሻለሁ፣ ማስቲካ አኝካለሁ፣ ሽታው እስኪለቀኝ ነፋስ ላይ እቆማለሁ። ለአንዷ ሲጋራ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። አለቃችን አቶ ሰይድ ቀልድ የሚወዱ ደግ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ባዶ ወንበር ያያሉ። አጠገቤ የምትቀመጠውን ሐዋን፣ «ይቺ ልጅ ሆዷን ያማታል እንዴ?» ብለው ጠይቀዋታል። ሐዋ እየሳቀች ነገረችኝ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

ሜሮን ለሰርግ ደሴ በመጣች ጊዜ ጭንቀቴን ነገርኋት። ከቦርሳዋ ጣት የምታክል ሰማያዊ ነገር አውጥታ ሰጠችኝ። ቬፕ የሚሉት ነው፤ በባትሪ ይሠራል፣ ውስጡ ያለውን ፈሳሽ አሙቆ እንፋሎት ያደርገዋል፣ ያ እንፋሎት እንደ ጭስ ይሳባል። እሳት የለውም፣ አመድ የለውም፣ ሽታው ማንጎ ነው አለችኝ፤ ውሃ እንደመተንፈስ ቁጠሪው አለችኝ። በአገራችን መሸጡ በሕግ የተከለከለ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ቀን የተሰማኝ እፎይታ ብቻ ነበር። ሲጋራ ተውሁ አልሁ። አላህንም አመሰገንሁ።

ሥራዬ ተለወጠ። ከወንበሬ መነሳት ቀረ። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ጎንበስ ብዬ እስባለሁ፣ እንፋሎቱን ሻርፔ ውስጥ እተነፍሳለሁ፣ ሁለት ማሳ አስገባለሁ፣ ደግሞ እስባለሁ። ባትሪው ሲደክም ኮምፒውተሩ ላይ እሰካዋለሁ። ወር ሳይሞላ ከክፍሉ ሁሉ ብዙ ማሳ የማስገባው እኔ ሆንሁ። አቶ ሰይድ ስብሰባ ላይ ስሜን ጠርተው አስጨበጨቡልኝ፤ እኔ ጠረጴዛው ሥር መግባት ነበር ያማረኝ። ሐዋ ማንጎውን አሸተተችው፤ «አንቺ፣ ይሄ ሁሉ ሽቶ ለማን ነው? ውጫሌ ላይ እንዲህ የሚለፋለት ወንድ አለ እንዴ?» እያለች ታበሽቀኛለች። አንድ ቀን አቶ ሰይድ ሪፖርት ሊገለብጡ መጡና፣ «ያችን ፍላሽሽን እስኪ አውሺኝ» ብለው እጃቸውን ወደ ቬፑ ዘረጉ። ቫይረስ አለበት አልኋቸው። እሳት እንደነካ ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ።

ያኔ ያልገባኝ ነገር አለ። ሲጋራውን ሦስት ላይ ያቆመው ፍርሃቴ ነበር። ቬፑ ፍርሃቱን አነሳልኝ። ሲጋራ ተቃጥሎ ያልቃል፤ ሌላ ለመለኮስ መወሰን አለብኝ። ይህ ግን ማለቂያ የለውም፤ እጄ ራሱ ያነሳዋል፣ ራሱ ያስቀምጠዋል። በቀን ስንት ጊዜ እንደምስብ ቢጠይቁኝ አላውቅም።

በሁለተኛው ወር ደረቅ ሳል ጀመረኝ። አክታ የለውም፤ ደረቴን እንደሚቧጥጥ ነገር ነው። ቀጥሎ ከሰዓት በኋላ ትኩሳት መጣ፣ ምግብ አስጠላኝ፣ የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ ስወጣ መሐል ላይ ቆሜ ስልክ የማይ መምሰል ጀመርሁ። ሲያስለኝ ቬፑን እስባለሁ፤ ለጥቂት ደቂቃ ያስታግስልኛል። ይህን ስጽፍ እንኳ አፍራለሁ።

አባቴ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ ነን። እማ ሳሌን ሰምታ ሐይቅ ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። በኛ አገር ታማሚ ብቻውን ሐኪም ቤት አይሄድም፤ ሄዶም አይናገርም። የሚናገረው አስታማሚው ነው። መቼ ጀመራት፣ ትበላለች ወይ፣ ላብ አላት ወይ፣ ሁሉንም እማ ትመልሳለች፤ እኔ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። ለአንድ ዓይን አፋር ሰው ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። መርማሪው ወጣት፣ «ጫት፣ ሲጋራ...» ብሎ ጀመረና ቀና ብሎ ሒጃቤን ሲያይ በራሱ ጥያቄ ሳቀ።

«ወሏሂ» አለች እማ። «ልጄ ከሻይ በቀር ሱስ የላትም።»

«የለም» ብሎ ጻፈ። ያችን ቃል ማረም የምችለው እኔ ብቻ ነበርሁ። የሌላ ሰው ድንበር ሦስት ጊዜ የማይ ሰው የራሴን ዝም ብዬ አሳለፍሁ። ከዚያ በኋላ ያ «የለም» ከወረቀት ወደ ወረቀት እየተገለበጠ በሄድሁበት ሁሉ ቀድሞኝ ይደርስ ነበር።

ደም ሰጠሁ፤ ታይፎይድ ነው ተባለ። መድኃኒቱን ጨርሼም ሳሉ አልተወኝም። ወዲያው ረመዳን ገባ።

የሲጋራ ሱስ ያለበት ሙስሊም ረመዳንን እንዴት እንደሚያሳልፍ ያውቀዋል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራሴን ፈለጠኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ሐዋን ያለ ጥፋቷ ተቆጣሁ። ቀን አይሳብም። ማታ ደግሞ ማፍጠሪያ አለ፣ እንግዳ አለ፣ ተራዊሕ የሚባለው የሌሊት ስግደት አለ፤ ቤቱ ሰው ሞልቶ ከእማ ጎን ነው የምተኛው። አንዳንድ ቀን አንዴ ሁለቴ ሳብሁ፣ ብዙውን ቀን ምንም። በወሩ አጋማሽ ሳሌ ቀነሰ። በመጨረሻው ሳምንት ደረጃውን ሳልቆም ወጣሁ። እማ ለጎረቤቱ ሁሉ የረመዳን በረከት ነው አለች። እኔ ደግሞ የታይፎይዱ መድኃኒት ዘግይቶ ሠራ አልሁ። የተውሁት ነገር መኖሩን ማየት አልፈለግሁም፤ አሁን ሳስበው ሁለታችንም በየፊናችን ራሳችንን ስናታልል ነበር።

ዒድ አለፈና ሥራው ተቆልሎ ጠበቀኝ። የአንድ ቀበሌ ካርታ በሙሉ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ማለቅ ነበረበት። ቬፑን አወጣሁ፤ የቀረብኝን የምክስ ይመስል ከበፊቱ እጥፍ ሳብሁ። በሁለተኛው ሳምንት ከሚኒባስ ወርጄ ቤት እስክደርስ ሁለት ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

ሌላ ክሊኒክ ሄድን። የሳንባ ምች ነው ተባለና መርፌ ተወጋሁ። ትኩሳቱ ለሦስት ቀን ጋብ ብሎ ተመለሰ። ሥጋዬ አለቀ፤ ቀሚሴን በመርፌ ቁልፍ ማጥበብ ጀመርሁ። ሌሊት ተኝቼ መተንፈስ ስላቃተኝ ትራስ ደራርቤ ተደግፌ አነጋለሁ፤ እማ ከማዶው አልጋ ሆና ትንፋሼን ስታዳምጥ እሰማታለሁ፣ እንዳትሰማ ብዬ ሳሌን ስውጥ ይብስብኛል። ጤና ጣቢያ አክታ ስጪ አሉኝ፤ አክታ የለኝም። በግድ የሰጠሁት ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም። ደሴ የተነሳሁት ራጅ ግን በሁለቱም ሳንባዬ ላይ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር አሳየ። ራጁን ያየው ባለሙያ፣ አክታው ባያሳይም ቲቢ ሊሆን ይችላል፣ የስድስት ወሩን መድኃኒት ከመጀመርሽ በፊት የውስጥ ደዌ ሐኪም ይይሽ አለ። ቀጠሮው ለአሥረኛው ቀን ሆነ።

እነዚያን አሥር ቀናት አልረሳቸውም። ቲቢ የሚለው ቃል ቤታችን ከገባ በኋላ የሰው እግር ቀነሰ። እህቴ ፋጡማ የምታጠባ ሕፃን አላት፤ በራፍ ላይ ቆማ በሩቁ እየጠየቀችኝ አልቅሳ ትመለሳለች። አልፈርድባትም። እኔም መጠጫዬንና ትሪዬን ለየሁ። እማ ግን የለየሁ ዕለት ማታ ለይቼ ያስቀመጥሁትን ብርጭቆ አንስታ፣ ያስተረፍሁትን ሻይ ፊቴ ጠጣችው።

«እማ፣ ይተላለፋል እኮ» አልኋት።

«ካንቺ ከሆነ ይተላለፍ» አለችኝ። «አብሽሪ።»

ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ነገር እያወቅሁ ያን ማየት ከሳሉ ይልቅ ከበደኝ። እውነቱን ለመናገር አፌን ሁለት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት። እንደማጨስ ካወቀች በኋላ ያችን ብርጭቆ ታነሳ ይሆን? የፈራሁት ይህን ነበር። ሞትን እንኳ ያን ያህል አልፈራሁም።

ደሴ የሐኪሙ በር ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀመጥን። ወንበር ስላልበቃ አንዲት የማላውቃት ባለ ነጠላ እናት ሲያስለኝ አይታ ቦታዋን ለቀቀችልኝ፤ እምቢ ስላት ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ። ሐኪሙ ዝምተኛ ጎልማሳ ነው። ጣቴ ላይ በደም ውስጥ ያለውን አየር የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ሰካና ቁጥሩን አይቶ ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ መጠየቅ ጀመረ፤ እማም እንደ ልማዷ መመለስ ጀመረች። የቆየውን ወረቀት እያገላበጠ ሳለ፣ «በረመዳን ግን አልሐምዱሊላህ ደህና ነበረች። ጾሙ ባርኳት ነበር» አለችው።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ስለ ረመዳን ይንገሩኝ አላት። መቼ ለቀቃት፣ ከዒድ በኋላ በስንተኛው ቀን ተመለሰባት፣ አንድ በአንድ ጠየቃት። ቀጥሎ ወደኔ ዞረ።

«በረመዳን ቀን ትተሽው፣ ከዒድ በኋላ የተመለሽበት ነገር ምንድን ነው?»

«ምግብና ውሃ ነዋ» አለች እማ። «ሌላ ምን ይተዋል?»

«እሷን ነው የጠየቅሁት፣ እናት።»

ቦርሳዬን ወደ ጭኔ ሳብሁ። እሱም ገባው መሰለኝ፣ እናት ትንሽ ውጭ ይጠብቁን አላት። እማ ራጁን በብብቷ ይዛ ተነሳች። ብትወጣ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ለሐኪሙ እነግረዋለሁ፣ መድኃኒቱን ይሰጠኛል፣ እማ ሳታውቅ እድናለሁ። ነገር ግን ከኔ ብርጭቆ የጠጣችውን ሰው በር ዘግቼ ማስወጣት አቃተኝ። የቀሚሷን ጫፍ ያዝሁ።

«ትቀመጥ» አልሁ። «አጨሳለሁ። በፊት ሲጋራ ነበር፤ አሁን ይሄ ነው።» ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት።

እማ ጎንበስ ብላ አየችው። «ይሄ ፍላሽሽ አይደል እንዴ?» አለች። ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ሐኪሙ ሳይቆጣኝ ስለ ሲጋራውም ስለ ቬፑም ሁሉን ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። አየር የሚገባባቸው ትንንሽ የሳንባ ከረጢቶች በእንፋሎቱ ተቆጥተው አብጠዋል ብዬ እጠረጥራለሁ አለኝ። እርግጠኛ ለመሆን ሌላውን ሁሉ ማጣራት ያስፈልጋል፤ የቲቢውም ምርመራ ይደገማል። ታዲያ ከሲጋራ ይሻላል የሚሉት ውሸት ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ስለ ሌላው ሰው አሁን አንከራከርም» አለኝ። «ፈሳሹ ውስጥ ምን እንዳለ አንቺም እኔም አናውቅም። ስንቴ እንደምትስቢም አታውቂም። ሦስት ሲጋራ ተውሽ፤ በምትኩ ቀኑን ሙሉ አጨስሽ።»

አምስት ቀን ተኛሁ። በአፍንጫዬ ኦክስጅን ሰጡኝ፤ ፕሬድኒሶሎን የተባለ፣ የሳንባውን ቁጣ የሚያበርድ እንክብልም ጀመርሁ። የተደገመው የቲቢ ምርመራ ነፃ ነኝ አለ። በሦስተኛው ቀን አንድ ትራስ ላይ ተኛሁ። እማ ሾርባ ታመጣለች፣ ፀጉሬን ትጎነጉናለች፣ ትሰግዳለች፤ አታናግረኝም። የጎን አልጋ አስታማሚዎች ልጅሽን ምን አገኛት ሲሏት ሳንባዋን ነው ትላለች፤ ከዚያ አትጨምርም። ልንወጣ ስንል ዕቃ እያሰረች ጀርባዋን ሰጥታኝ ጠየቀችኝ።

«ከጀመርሽ ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ስድስት።»

ቋጠሮውን ፈትታ እንደገና አሰረችው። «ማጨስሽን አላህ ይቅር ይበልሽ» አለች። «እኔን ግን በሱ ስም አስማልሽኝ። ወሏሂ ብያለሁ፤ ስንት ሐኪም ፊት።»

ሐይቅ እንደተመለስን ስለ መሐላዋ የመስጊዱን ሼህ ጠየቀች። ሳታውቂ የማልሽው ነው፣ ምንም የለብሽም አሏት። እሷ ግን ለመሐላው ማካካሻ ብላ ሦስት ቀን ጾመች። አብሬሽ ልጹም ስላት መድኃኒትሽን በሰዓቱ ዋጪ አለችኝ። ሦስቱንም ቀን እሷ እየጾመች ለኔ ቁርስ አቀረበችልኝ፤ አጠገቤ ቁጭ ብላ መብላቴን አየች። ከዚያ የበለጠ ቁጣ በሕይወቴ አላየሁም። እህቴ ፋጡማ በአራተኛው ቀን ሕፃኗን ይዛ ገብታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

አሁን ወደ ሥራ ከተመለስሁ ሦስተኛ ወር ነው። ቬፑን ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ትቼው እንደወጣሁ አልያዝሁም፤ ሲጋራም አልነካሁ። ቀላል ሆነ ብዬ ግን አልዋሽም። ቁጡ ሆኛለሁ፣ ሐሳቤ ይበተናል፣ በቀን የማስገባው ማሳ ወደ ግማሽ ወርዷል። አቶ ሰይድ እጅሽ ምን ነካው ሲሉኝ ሳንባዬን ታምሜ እንደነበርና በየሁለት ሰዓቱ ወጣ ብዬ መራመድ እንዳለብኝ ነገርኋቸው፤ ምክንያቱን ሁሉ ለመናገር ግን ገና አልደፈርሁም። ሐዋ ጠረጴዛዬ ላይ ቆሎ ታስቀምጥልኛለች። ባለፈው ወር የፈራሁት ደርሶ የአንዱን ገበሬ ማሳ በጎረቤቱ ስም አስገባሁ። ሰውዬው እንዲያረጋግጡት የተሰጣቸውን ረቂቅ ወረቀት ይዘው መጡ፤ ይቅርታ ስላቸው፣ «ጎረቤቴ ወንድሜ ነው፣ ግድ የለም» አሉኝ። «ብቻ ሚስቱ ሳትሰማ ቶሎ አርሚው።»

ሳንባዬ ሙሉ በሙሉ መመለሱን ሐኪሙ ገና አላረጋገጠልኝም። በሳልሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። ለምታነቡ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሐኪም ፊት ሌላ ሰው እንዲመልስላችሁ አትፍቀዱ። የሚወዳችሁ ሰው የሚመልሰው ስለሚያውቃት ልጅ እንጂ ስለታመመችዋ አይደለም።

ወደ ሥራ የተመለስሁ ዕለት ማታ እማ እጄን እያስታጠበችኝ፣ ቀና ሳትል፣ «ዛሬ ስንቴ አማረሽ?» አለችኝ። ደነገጥሁ። አሥራ አንድ አልኋት። ሳብሽ ወይ አለችኝ፤ አልሳብሁም አልሁ። ራሷን ነቅንቃ እራቱን አቀረበች። ከዚያ ወዲህ ሳትጠይቅ ያለፈችበት ማታ የለም። አንድ ጊዜ ደስ እንዲላት ዘጠኙን ሁለት አልኋት፤ ጉርሻዬን ሳልውጥ አረምሁት። ያለፈውን ሳምንት በሙሉ ከሦስት አላለፈም ነበርና ፊቷ ፈካ ብሎ ሰንብቷል።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ይህን ስጽፍ ውያለሁ። እሷ ገበያ ናት፣ አሁን ትመጣለች። ዛሬ ያማረኝ ሰባት ጊዜ ነው፤ ሰባት እላታለሁ።